የቱ ቫይታሚን ነው ጥሩ? ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ደም ማነስ ከጻፍኩ በኋላ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። የትኛውን ቫይታሚን እንግዛ? ኦሪጅናሉ የቱ ነው? እዚሁ ጅማ መድኃኒት ቤት ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ጥያቄው አዲስ አይደለም፣ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ግን ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ረጋ ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለእናንተው ደብዳቤዎች ሰጥቼዋለሁ።

«ሦስት ጠርሙስ አማርጬ ግራ ገባኝ»

«እህቴ ከአሜሪካ ትልቅ ጠርሙስ መልቲቫይታሚን በሰው ላከችልኝ። ፋርማሲ ያየሁት ደግሞ የህንድ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። አንዲት ጓደኛዬ በቴሌግራም የምትሸጠው አለ፣ እሷ ‹የጀርመን ነው፣ በግማሽ ዋጋ እሰጥሻለሁ› ትላለች። ጥራት ያለው የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ?» (ከፈረንጅ አራዳ)

የኔ እህት፣ ከአገሩ አትጀምሪ። የአሜሪካ መሆኑ ብቻውን ጥራት አይሆንም፣ የህንድ መሆኑም ነውር አይደለም። ጥራት ማለት ላዩ ላይ የተጻፈው ነገር በተጻፈው መጠን ውስጡ መኖሩ ነው። ያልተጻፈ ነገር፣ ለምሳሌ እርሳስ ወይም ሌላ መድኃኒት፣ አለመቀላቀሉ ነው። ስትውጪው ደግሞ ሆድሽ ውስጥ በደንብ መሟሟቱ ነው። ይሄን ሁሉ እኔም ብሆን በዓይኔ አይቼ ልነግርሽ አልችልም። የሚያውቀው ላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ ያንቺ ሥራ ‹ይሄን ነገር ከሻጩ ሌላ ማን መርምሮታል?› ብሎ መጠየቅ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ቫይታሚን የሚታየው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ኤፍዲኤ የሚባለው የአገሩ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዘንድ ቀርቦ ማስጸደቅ አይጠበቅበትም። መሥሪያ ቤቱ ፋብሪካ ይፈትሻል፣ ችግር ሲገኝም እርምጃ ይወስዳል፣ ቀድሞ ግን አያጸድቅም። እና ‹ኤፍዲኤ ያጸደቀው ቫይታሚን› የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ እየዋሸሽ ነው።

ይሄን ክፍተት ለመሙላት ገለልተኛ መርማሪዎች አሉ። ዋናው ዩኤስፒ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ የመድኃኒት መመዘኛ የሚያወጣ ድርጅት። ምርቱን መርምሮ ሲያልፍለት ‹ዩኤስፒ ቬሪፋይድ› የሚል ክብ ምልክት ይሰጠዋል። ኤንኤስኤፍ የሚባለውም የራሱ ምልክት አለው። እህትሽ የላከችልሽ ጠርሙስ ላይ ከእነዚህ አንዱ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ፦ ከንጥረ ነገሩ ስም ጎን ዩኤስፒ የሚሉትን ፊደላት ብቻ የሚጽፉ አሉ። ያ አምራቹ ራሱ ‹መመዘኛውን አሟልቻለሁ› ያለው ነው እንጂ ምርመራ ያለፈበት ማረጋገጫ አይደለም። ምልክቱ እውነተኛ መሆኑን ደግሞ ድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ የምርቱን ስም ፈልጎ ማየት ይቻላል፣ እህትሽ በአንድ ደቂቃ ታይልሻለች። ምልክት የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ምርመራው በአምራቹ ፈቃድ የሚደረግና ገንዘብም የሚጠይቅ ስለሆነ።

ፋርማሲ ያየሽው የህንዱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ የሚገባውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነው። ፋርማሲው ከማን እንደገዛው ደረሰኝ አለው፣ አስመጪው ይታወቃል፣ ችግር ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው አለ። በሻንጣ የመጣ ነገር ይሄ የለውም። ፋርማሲስቱን ‹አስመጪው ማነው? የተመዘገበ ነው?› ብለሽ ጠይቂው፣ መብትሽ ነው። ቅር ካለው ሌላ ፋርማሲ ሂጂ።

የቴሌግራሙን እኔ አልገዛውም። ጓደኛሽ ክፉ አስባ ነው አላልኩም፣ እሷም ከሌላ ሰው ነው የምትቀበለው። ግን ግማሽ ዋጋ ያለ ምክንያት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀኑ ሊያልፍ መቃረቡ፣ አቀማመጡ መበላሸቱ ወይም እቃው ጭራሽ ሌላ መሆኑ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከትልቅ ጠርሙስ ተቆጥሮ በትንሽ ፌስታል የሚሸጠው ነው። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ባች ቁጥር (የምርት ዙር መለያ) የለው። እንዲህ ያለ ነገር በነፃ እንኳ ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

አሁን ስለ ቀኑ፣ እሱ ነው በጣም የሚያሳስበኝ። ውጭ የተመረተ እቃ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጆቹ ነው። ጠርሙሱ ላይ 08/2024 ተብሎ ተጽፎ ያየ ሰው፣ እኛ 2018 ላይ ስላለን፣ ‹ገና ስድስት ዓመት ይቀረዋል› ብሎ ያስቀምጠዋል። አልፎበታል እኮ! በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2016 ላይ አልቋል። በተለይ እናቶቻችንና አባቶቻችን ቤት ያለውን መደርደሪያ እባካችሁ እናንተው እዩላቸው። ሌላም አለ፦ 05/04/2026 የሚል ካለ አሜሪካኖቹ ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፣ አውሮፓውያኑ ቀኑን። ጭራሽ ቀን የሌለው ጠርሙስ ደግሞ አለ፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ ለቫይታሚን የማብቂያ ቀን መጻፍ በሕግ ግዴታ አይደለም። እንደዛ ያለውን ተዪው።

ከዛ ከጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቢ። መጀመሪያ ‹ሰርቪንግ ሳይዝ› (የአንድ ጊዜ መጠን) የሚለውን መስመር። እዚያ ላይ 2 ወይም 3 ፍሬ ካለ የተጻፈው መጠን ሁሉ ለ2 ወይም ለ3 ፍሬ ነው፣ ለአንድ አይደለም። ዋጋ ስታወዳድሪም ይሄን አስቢ። ቀጥሎ መለኪያው። ማይክሮ ግራም የሚሊ ግራም አንድ ሺህኛ ነው፣ ሁለቱን ማምታታት በጣም ቀላል ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ አንዱ ላይ አይዩ በሚባለው ሌላ መለኪያ 1,000 አይዩ፣ ሌላው ላይ 25 ማይክሮ ግራም ተብሎ ታገኚዋለሽ። ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አይበረታም።

የቀን ፍላጎትሽን ስንት ከመቶ እንደሚሸፍን የሚያሳየው ዓምድ ላይ 100 አካባቢ ያለ መልቲቫይታሚን ይበቃል። 3,000 ፐርሰንት፣ 5,000 ፐርሰንት የሚለውን ሰው ‹ጠንካራ› ይለዋል። ሰውነትሽ የማይፈልገውን ቢና ሲን በሽንት ያስወጣዋል፣ ኤና ዲን ግን ያጠራቅማቸዋል። ሬቲኖል የሚባለው ቫይታሚን ኤ ለአዋቂ በቀን ከ3,000 ማይክሮ ግራም ማለትም ከ10,000 አይዩ ማለፍ የለበትም፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል። ቫይታሚን ዲም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በቀን ከ4,000 አይዩ በላይ አይወሰድም። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ ‹ይደጋገፉ› ብለሽ አብረሽ እንዳትወስጂ።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ለምን እንደፈለግሽው። ድካም ካለብሽ መጀመሪያ ደምሽን ታይ። ምንም ሳይሰማሽ ‹እንዲያው ለጤና› ከሆነ፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ከሂርማታ ገበያ ፍራፍሬውን የምታገኚ ከሆነ ሦስቱም ላያስፈልጉሽ ይችላሉ። የግድ ልውሰድ ካልሽ ግን የፋርማሲውን ወይም ምልክት ያለውን የእህትሽን፣ አንዱን ብቻ።

«የጤና ጣቢያው ደካማ ነው ይሉናል»

«ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጤና ጣቢያ በነፃ አይረን ሰጧት። ጎረቤቶች ደካማ ነው፣ የውጭውን ግዛላት ይሉኛል። እሷም ሆዴን ይረብሸኛል፣ ሰገራዬም ጠቆረ ብላ ፈርታለች።» (ከአጋሮ)

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን እና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ይመክራል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የተለመደው ኪኒን 60 ሚሊ ግራም አይረን አለው። ጎረቤቶችህ የሚሉት የሚያምረው የውጭ ጠርሙስ ደግሞ ብዙ ጊዜ 27 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው ያለው፣ ገልብጠህ አንብበው። በነፃ የተሰጠ ነገር ደካማ ነው የሚለው ሐሳብ ስንት እናት መድኃኒቷን ትታ እንድትቀመጥ አድርጓል፣ ይሄ ያሳዝነኛል።

ስታወዳድር ግን አንድ ነገር እወቅ። ‹ፌረስ ሰልፌት 300 ሚሊ ግራም› ተብሎ ከተጻፈ 300ው የመላው ውህድ ክብደት ነው፣ ከሱ ውስጥ ንጹሑ አይረን 60 ገደማ ብቻ ነው። ፌረስ ፉማሬት ከሆነ ሲሶው አይረን ነው፣ ፌረስ ግሉኮኔት ከሆነ ከመቶ 12 ገደማ። ስለዚህ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ንጹሑን አይረን ነው የምታወዳድረው። ጥሩ አምራች ይሄን ለይቶ ይጽፋል።

ሰገራ መጥቆሩ የአይረኑ ነው፣ አትፍሩ። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ወይም ደም ከታየ ግን ሐኪም ይየው። ሆዷን ከረበሻት ማታ ልትተኛ ስትል ትንሽ ነገር ቀምሳ ትውሰደው። ድርቀት ካለ ውኃ ታብዛ። እምቢ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትንገራቸው፣ በራሷ ግን አታቁም።

አሁን የጅማን ትልቁን ጉዳይ ላንሳ። ቡና። ከምሳ በኋላ አቦሉ ይቀርባል፣ ኪኒኑም ያኔ ነው ትዝ የሚለው፣ ከሲኒው ጋር ይዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት አለ። ከምግብ ጋር አንድ ሲኒ ቡና ሲጠጣ ከምግቡ የሚገኘው አይረን በ39 ከመቶ ቀነሰ፣ ሻይ ሲሆን በ64 ከመቶ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀነሰ። የኛ ቡና የሚጠጣው ደግሞ በትክክል ያኔ ነው፣ ምግብ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ጭሱ ጨስ ጨስ ሲል። ባለቤትህን ቡና አትጠጪ አትበላት። ኪኒኑን ከቡናው፣ ከሻዩና ከወተቱ ሁለት ሰዓት ያህል አርቂው በላት፣ ለዚህም ነው ማታ የሚመቸው። አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ዘይቱን አብራ ብትበላ ቫይታሚን ሲው አይረኑ እንዲገባ ያግዘዋል። ቡናውንም በእርግዝና ጊዜ መቀነሱ በራሱ ጥሩ ነው፣ ከአቦል በኋላ ሲኒዋን ትገልብጠው።

አንድ ምክር ደግሞ ለሚቀጥለው። ፎሊክ አሲድ የፅንሱን የጀርባ አጥንትና አንጎል የሚጠብቀው ገና በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ልጅ ያሰበች ሴት ከማርገዟ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት 400 ማይክሮ ግራሙን ትጀምር።

«ካፕሱሉ ሀላል ነው?»

«ሙስሊም ነኝ። የቫይታሚን ካፕሱል ከአሳማ ይሠራል ሲባል ሰማሁ። በምን ልለይ?» (ከጅሬን)

ተመሳሳይ ጥያቄ ከጾመኞችም ደርሶኛል፣ ስለዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ካፕሱሉ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ይሠራል። መለያው ላይ ‹ጄላቲን› ብቻ ካለ የየትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ‹ቦቫይን› ካለ የከብት ነው፣ አስተራረዱን ግን አይነግርህም። የሀላል ማረጋገጫ ምልክት ያለበትን ፈልግ፣ ወይም ‹ሃይፕሮሜሎስ› ወይም ‹ቬጅቴብል ካፕሱል› የሚለውን፣ እሱ ከዕፅዋት ነው። ተጠፍጥፎ የተሠራው ደረቅ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ የጄላቲን ሽፋን የለውም። ለጾመኞች፦ ቫይታሚን ዲ3 በብዛት የሚሠራው ከበግ ጸጉር ቅባት ነው። ውስጡ ያለውን ነገርኳችሁ፣ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ።

«ጸጉሬ እየረገፈ ነው፣ ባዮቲን ጀመርኩ»

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጸጉሬ በጣም ይረግፋል። ቲክቶክ ላይ አይቼ 10,000 ማይክሮ ግራም ባዮቲን ገዛሁ። ልቀጥል?» (ከቆጪ)

እህቴ፣ ባዮቲን ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው፣ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም ነው። የገዛሽው ከ300 እጥፍ በላይ ነው። ባዮቲን ጎድሎት ጸጉሩ የሚረግፍ ሰው አለ፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ባንቺ ዕድሜ ያለች ሴት ጸጉሯ ሲረግፍ እኔ መጀመሪያ የማስበው አይረንን ነው፣ ከዛ ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት እጢ፣ ከዛ ምግብ መዝለልን፣ ከጥቂት ወራት በፊት የነበረ ትኩሳት ወይም ከባድ ጭንቀትን፣ አጥብቆ መሠራትንም ጭምር። አንድ ሁለት ምርመራ ከገዛሽው ጠርሙስ የበለጠ ይነግርሻል።

ስትመረመሪ ግን ባዮቲን እንደምትወስጂ ለላቦራቶሪው ሳትነግሪ እንዳትቀሪ። ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን የደም ምርመራን ያዛባል፤ የታይሮይድን፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚለይበትን ትሮፖኒን የሚባለውንም። የአሜሪካው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ለታይሮይድ ምርመራ ከሆነ ከጥቂት ቀናት በፊት ማቆም ይኖርብሻል፣ ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪምሽ ይወስን።

«ልጄ አይበላም፣ ከረሜላ የሚመስለውን ቫይታሚን ልስጠው?»

«ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ምግብ እንቢ ይለኛል። ከዱባይ የመጣ ጄሊ የሚመስል ቫይታሚን አለ፣ እሱን ይወደዋል።» (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰርቦ)

እናትዬ፣ መጀመሪያ ጤና ኬላ ወስደሽ ክብደቱንና የክንዱን ዙሪያ አስለኪው። ብዙ እናት ‹አይበላም› የምትለው ልጅ ሲለካ ደህና ሆኖ ይገኛል። ከሳ የተባለ ከሆነ ደግሞ ጄሊው አያድነውም፣ ሌላ ሕክምና ያስፈልገዋል። የሆድ ትልም ይታይ። ሁክዎርም ደም ይመጥጣል፣ በባዶ እግር የሚሮጥ ልጅ በቀላሉ ያገኘዋል። ትሉ እያለ ቫይታሚን መስጠት በተቀደደ ጆንያ እህል መስፈር ነው።

ጄሊው ብዙ ጊዜ አይረን የለውም፣ የልጆች ዋናው ጉድለት ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስኳሩም ጥርስ ያበላሻል። ቫይታሚን ኤን በተመለከተ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ ይሰጣሉ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነው 200,000 አይዩ። ይሄን ወስዶ ከሆነ በላዩ ሌላ ኤ የበዛበት ነገር አትጨምሪበት።

አንድ ነገር በጣም እለምንሻለሁ። ‹ከረሜላ ነው› ብለሽ አትስጪው። ልጅ መድኃኒትን ከረሜላ ነው ብሎ ካመነ ሌላውንም ይበላዋል። ቤት ውስጥ ያንቺ ወይም የነፍሰ ጡር እህትሽ አይረን ካለ ቁም ሳጥን ላይ፣ እጁ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ከረሜላ ይመስላል፣ ጥቂት ፍሬ ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። ውጦ ከተገኘ፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ማሸጊያውን ይዘሽ ወዲያው ሆስፒታል። አይረን መጀመሪያ ያስታውካል፣ ከዛ የተሻለው ይመስላል፣ ከዛ ነው የሚብሰው።

ለምግቡ፣ አቮካዶ ጨፍልቀሽ፣ እንቁላል ጨምረሽ፣ ገንፎው ላይ ትንሽ ቅቤ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ስጪው። በመሃል ብስኩትና ሻይ አትስጪው፣ የምግብ ፍላጎቱን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

«እግሬን ይቆረቁረኛል፣ የነርቭ ቫይታሚን እየተወጋሁ ነው»

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የስኳር ሕመም ካለብኝ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። እግሬን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ሰው ነግሮኝ የነርቭ ቫይታሚን ኪኒኑንም መርፌውንም እወስዳለሁ።» (ከጅማ)

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን በጥንቃቄ ነው ያነበብኩት። ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እንዳያቆሙት። ግን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቢ12 የሚወስድበትን መንገድ ይቀንሳል። ቢ12 የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ ነው። ጾም የሚያጠብቁ ከሆነ ጉድለቱ ሊብስ ይችላል። የቢ12 ጉድለት እግር ይቆረቁራል፣ ስኳሩ ራሱም ይቆረቁራል፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስሜት አላቸው። ስለዚህ ሐኪምዎን ‹ቢ12ቴን መርምሩልኝ› ይበሉ። ጅማ ላይ የማይሠራ ቢሆን እንኳ ናሙናው ሊላክ ይችላል።

አሁን የሚወስዱትን የነርቭ ቫይታሚን ጠርሙስ ያንሱና ቢ6 የሚለውን ይፈልጉ። አንዳንዱ በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሚሊ ግራም አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ በቀን ከ12 ሚሊ ግራም አይብለጥ ብሏል፣ የአሜሪካኖቹ ጣሪያ 100 ነው። ለምን መሰለዎት? ብዙ ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ይጎዳል። መቆርቆሩን ለማዳን የሚወስዱት ነገር ራሱ ሊያስቆረቁርዎ ይችላል። ሐኪም ጊዜ ወስኖ ያዘዘው ከሆነ ጥሩ። ሰው ነግሮዎት ከሆነ ግን ኪኒኑንና መርፌውን ደርበው አይቀጥሉ፣ ጠርሙሱን ይዘው ክትትል ወደሚያደርጉበት ቦታ ይሂዱ። እግርዎንም ማታ ማታ ይዩት፣ ያልታወቀ ቁስል እንዳይኖር።

«የሚያወፍር ቫይታሚን»

«በጣም ቀጭን ነኝ። ሰፈር ውስጥ የሚያወፍር ቫይታሚን የምትሸጥ አለች፣ የወሰዱት ሁሉ በአንድ ወር ፊታቸው ሞላ።» (ከሰቃ)

የሚያወፍር ቫይታሚን የለም። ቫይታሚን ካሎሪ የለውም። በአንድ ወር ፊት የሚያሞላው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ (ሆርሞን መሰል መድኃኒት) ወይም ሲፕሮሄፕታዲን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ በብዙ አገር በዚህ ስም ይሸጣሉ። ዴክሳሜታዞን ስኳር ያመጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። የሞላው ፊት ሥጋ አይደለም።

የጀመረች ካለች ደግሞ በድንገት አታቁም፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ያ ራሱ ሕይወት ያሰጋል። ኪኒኑን ይዛ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፣ በትንሽ በትንሹ ያስቆሟታል። አንቺም ሻጯን ለባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጠቁሚ። ጎረቤት ናት ብለሽ ዝም አትበዪ፣ የሚወስዱትም ጎረቤቶችሽ ናቸው። ቅጥነትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው? ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ከሆንሽ ተፈጥሮሽ ነው። በቅርቡ የከሳሽ ከሆነ፣ ሳልም ካለ፣ ማታ ማታም የሚያልብሽ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂጂና ሳንባሽን ታይ። ጫት ከሆነ የምግብ ፍላጎትሽን የዘጋው፣ እሱን የሚተካ ኪኒን የለም።

«ቫይታሚን ሲው ቡናማ ሆነ»

«ቫይታሚን ሲ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጬ ነበር። በክረምቱ ነጠብጣብ አወጣ። ልጣለው?» (ከጅማ)

ጣለው። ቫይታሚን ሲ ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር አይስማማም፣ ቡናማ ሲሆን ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ቀኑ ገና ቢሆንም። ፍሪጅ አናት ላይ ሙቀት አለ፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ሲከፈት ሲዘጋ እርጥበት ይገባል፣ ኩሽና እንፋሎት አለው። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ መኝታ ቤት፣ ፀሐይ የማያገኘው ደረቅ ሳጥን ውስጥ ይሻላል። ከጠርሙሱ ጋር የመጣችውን ትንሽ እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣላት፣ ውስጡ ትቆይ። ጥጥ ካለው ግን ከተከፈተ በኋላ አውጣው፣ እርጥበት ይይዛል። ስትገዛም ለሦስት ወር የሚበቃ ትንሽ ጠርሙስ ግዛ፣ የ300 ፍሬው በፍሬ ሲሰላ ቢረክስም ግማሹ ሳያልቅ ይበላሻል።